ሦስት ለመሙላት የገባች ባቄላ

አባቷ ይታይሽ ብሎ ስም ሲያወጣላት ደግ ደጉን አስቦ ነበር። እሷ ግን ነፍስ ካወቀች ጀምሮ የሚታያት ክፉ ክፉው ሆነ። ላሟ ስታምጥ ጥጃው ሞቶ ይታያታል። ባሏ ደምሌ ገበያ ውሎ ሲያመሽ ገደል ገብቶ ይታያታል። ሰማዩ ሲጠቁር በረዶ ገብሱን አንጥፎት ይታያታል። ጥጃው ቆሞ ሲጠባ፣ ደምሌም ሞቅ ብሎት እያንጎራጎረ ከች ሲል፣ ደመናውም ወደ እስቴ አልፎ ሲሄድ፣ «ለዛሬ አለፈ» ትላለች እንጂ «ተሳስቼ ነበር» አትልም። ጎረቤቶቿ፣ ይታይሽ የምትሞተው ቀባሪዎቿን ዝናብ እንዳይመታቸው ተጨንቃ ነው እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራቸው ትስቃለች፤ ስቃ ስታበቃ ሰማዩን ቀና ብላ ታያለች።

ጸሎት አታጓድልም። ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ አባታችን ሆይ ትደግማለች። «ፈቃድህ ይሁን» ስትል ግን እዚያ ላይ አታቆምም። «ፈቃድህ ይሁን፤ ግን ላሚቱን አትንካብኝ። ፈቃድህ ይሁን፤ ግን ደምሌን በደህና መልስልኝ።» ጸሎቷ አጭር ነው፤ ከ«ግን» በኋላ ያለው ነው የሚረዝመው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ የመኪና መንገድ ሊመጣ ነው እየተባለ በሚወራበት በአንዱ ዓመት ነው። ይታይሽና ደምሌ የሚኖሩት በጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ጥቂት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ፣ ገብስና ባቄላ እያረሱ ነበር። ከወለዷቸው አራት ልጆች በሕይወት የቀረችላቸው ሐረገ ወይን ብቻ ናት። እሷንም ከሁለት ዓመት በፊት ለስማዳ ሰው ዳሯት። ባሏ ይርጋ ከወገዳ አለፍ ብሎ የሚያርስ፣ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ሐረገ ወይን ማርገዟ ተሰማ። ሲቆጠር መውለጃዋ ሐምሌ ላይ ዋለ።

የአገሩ ልማድ የታወቀ ነው። ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። ቀኗ ሲቃረብ ወላጆቿ ሰውና በቅሎ ልከው ያስመጧታል፤ በእናቷ ጓዳ ትወልዳለች፤ ልጁ ክርስትና ከተነሣ በኋላ ወደ ባሏ ትመለሳለች። ይታይሽም ከፋሲካ ጀምሮ ይህንኑ ስታስብ እንቅልፍ አጣች። በቅሎ ብትልክ፣ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ቁልቁለት ባዶ እጁን የሚወርደውን ሰው እንኳ የሚያንሸራትት ነው። ታች ሲወርዱ ቆላው አለ፣ ንዳዱ አለ። ከዚያ ወንዙ አለ፤ ሰኔ ከገባ ደግሞ የሚሞላበት ቀን አይታወቅም። ልጇ ከነሆዷ ከበቅሎ ስትወድቅ ታየቻት። ባትልክ ግን ሐረገ ወይን በባዕድ እጅ ልትወልድ ነው። የይርጋን እናት ጌጤን ያየቻት አንድ ጊዜ፣ በመልሱ ጊዜ ብቻ ነው። የምታስታውሰው እጆቿ እንደ ወንድ እጅ ትልልቅ መሆናቸውን ነው። የይታይሽ ታላቅ እህት በመጀመሪያ ምጧ ነው የሞተችው። ያኔ ይታይሽ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ደጅ ቆማ ድምፁን ሰምታለች።

አንድ ማለዳ ደምሌ ደጅ ተቀምጦ ቀንበር ሲጠርብ መጣችበት።

«በቅሎዋን እንላክላት?»

«እንላክላት።»

«ብትወድቅስ?»

«እንግዲያው አንላክ።»

«እዚያው በምጥ ብትሞትብኝስ?»

ደምሌ መጥረቢያውን መሬት አስቀመጠ። «ሁለቱንም ብዬልሻለሁ» አለ። «ሦስተኛ ካለሽ ንገሪኝና እሱንም ልበልሽ።»

የሰው ምክር ሲያልቅባት እግዚአብሔርን በዕጣ ለመጠየቅ ቆረጠች። ዕጣ ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም። በበዓል በሬ በቅርጫ ሲታረድ ሥጋው በየመደቡ ይደለደላል። ባለድርሻዎቹ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ቅጠል ያዋጣሉ። የማን የቱ እንደሆነ ያላየ ሰው ተጠርቶ በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ይጥላል። የደረሰህ ደረሰህ ነው። አጥንት በዛብኝ ብሎ ዕጣው ይደገምልኝ የሚል ሰው የለም፤ ቢኖርም ለሚቀጥለው በዓል ቅርጫ የሚያስገባው አያገኝም።

በግንቦት የመጨረሻው አርብ ይታይሽ የምትሸጠውን ባቄላ በስልቻ ተሸክማ ወደ ገበያ ወጣች። መንገድ ላይ አንድ ስንጥርና አንድ ጠጠር አነሣች። ስንጥሩ ልጅቷ ትምጣ፣ ጠጠሩ እዚያው ትቅር። ገበያው ዳር ስትደርስ ግን የእናቷ ቃል ትዝ አላት። እናቷ፣ «በሁለት ዕጣ አይጠየቅም፤ ሁለት ሙግት ነው። ሦስት ሲሆን ሥላሴ ይገቡበታል» ትል ነበር። ይታይሽ ስልቻዋን ፈትታ አንድ ባቄላ አወጣች። ለባቄላዋ የምትሰጣት ነገር ግን አልነበራትም። ልጅቷ ወይ ትመጣለች ወይ ትቀራለች፤ ከዚህ ሌላ ምን አለ? እዚያው ቆማ አሰበችና፣ ሦስት ለመሙላት ያህል፣ «ባቄላዋ ደግሞ፣ እኔ ልሂድ» አለች። ብላም ፈገግ አለች። ልጇን የዳረች ሴት ሳትጠራ ልጇ የገባችበት ቤት አትሄድም። «ልጇን ድራ ተከትላ ገባች» ይባላል፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ስድብ ነው።

ሦስቱን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ወደ ዚነት ሄደች። ዚነት የነጋዴው የታሂር ሚስት ናት። እሷ አርብ ገበያ ላይ ጨው ዘርግታ ትሸጣለች፤ እሱ አህያ ጭኖ እስከ ወገዳ ይነግዳል። ሁለቱ ሴቶች ከተዋወቁ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው።

«ዚነት፣ ከዚህ ውስጥ አንዱን አንሺልኝ» አለች ይታይሽ የነጠላዋን እጥፋት እያቀረበች። «ዓይንሽን ጨፍኚና አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ቅርጫ ነው? በከንቱ አታድክሚኝ፤ የእናንተን ሥጋ አልበላም።»

«ሥጋ አይደለም።»

«ባልም ከሆነ ታሂር ይበቃኛል። እሱም አንዳንዴ ይበዛብኛል።»

«ዚነት፣ በፈጠረሽ።»

ዚነት የይታይሽን ፊት አየችና ቀልዱን ተወችው። ዓይኗን ጨፍና እጇን ሰደደች። ያወጣችው ባቄላዋን ነበር።

«ይኸው። ጥሬ ነው፤ ቆልተሽ ብታመጪው ምን ነበረበት?»

ይታይሽ ባቄላዋን አየቻት። «ድገሚና አንሺ» አለች።

«እጄ ምን አጠፋ?»

«እጅሽ አላጠፋም። ይቺ ለመሙያ የገባች ናት።»

«ለመሙያ የገባችውን እኔ በምን አውቃት? አንድ ጊዜ ብቻ አልሽኝ፣ አንድ ጊዜ አነሣሁ።» ዚነት ወደ ጨው ንግዷ ዞረች። «ምን እንደጠየቅሽ አላውቅም። እኛም ዘንድ ቢሆን አላህን ጠይቆ መልሱ አልጣመኝም አይባልም። ይልቅ ለልጅሽ መልእክት ካለሽ ቶሎ በይ። ታሂር ከክረምት በፊት የመጨረሻ ጉዞው የዛሬ አሥራ አንድ ቀን ማክሰኞ ነው። ከዚያ ወዲያ ወንዙን የሚሻገር የለም።»

ይታይሽ በዚያ ቀን ባቄላውን በማይረባ ዋጋ ሸጣ ገባች። የወጣችውን አንዷን ፍሬ ግን አልሸጠቻትም፤ መጣሉንም ፈራች፤ በቀሚሷ ጠርዝ ቋጠረቻት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቷን አባ ገብረ ኢየሱስን ፈልጋ ሄደች። አባ ገብረ ኢየሱስ በልጅነታቸው እዚያው ጋይንት ቤተ ልሔም ወርደው ድጓ የተማሩ፣ ብዙ የማይናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የዳዊታቸውን ማኅደር የተቀደደ ቆዳ በጅማት ይሰፋሉ። ይታይሽ መስቀል ተሳልማ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። በልቧ፣ ዕጣው አይረባም እንዲሏት ነበር የመጣችው።

«አባ፣ በዕጣ መጠየቅ ኃጢአት ነው?»

«ሐዋርያትም ዕጣ ተጣጥለዋል።»

ይህ እሷ የፈለገችው መልስ አልነበረም። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገረቻቸው፤ በቅሎዋን፣ ቁልቁለቱን፣ የጌጤን እጆች፣ ስንጥሩን፣ ጠጠሩን።

«የቱ ወጣ?» አሉ አባ።

«ባቄላዋ።»

«ባቄላዋ ምን ነበረች?»

«እኔ እንድሄድ።»

«እንግዲያው ሂጂያ።»

«አባ፣ እሷ እኮ ለመሙያ የገባች ናት። ከልቤ አላልኩትም።»

«ማን አስገባት?»

«እኔ።»

«ስለ ማን ብለሽ?»

«ስለ ሥላሴ» አለች።

አባ ጅማቱን በጥርሳቸው በጠሱ። «ለእግዚአብሔር ሁለት በር ከፍተሽ በዚህ ወይም በዚያ ይግባ አልሽ» አሉ። «ሦስተኛውን ለአክብሮት ያህል ገርበብ አደረግሽው። እሱም በዚያው ገባ። እንግዳን በገባበት በር ነው የሚቀበሉት፤ ውጣና በዚያኛው ግባ አይባልም።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ይስቅብሻል።»

«ወንዙ ቢሞላብኝስ?»

«ሊሞላ ይችላል።»

«አባ፣ እዚያ ደርሼ ልጄ በእጄ ላይ ብትሞትስ?»

አባ መርፌያቸውን ቆዳው ላይ ሰክተው ተዉት። 

«እሱን አላውቅም» አሉ። «ዕጣው ሂጂ አለሽ እንጂ ስትደርሺ የሚሆነውን አልነገረሽም። አንቺ የመንገዱን መጨረሻ ካላየሁ እግሬን አላነሣም ትያለሽ። እንዲያ ብሎ የትም የደረሰ ሰው አላውቅም። ልጄ፣ በየጠዋቱ ፈቃድህ ይሁን ትያለሽ። እስቲ አንድ ቀን እዚያ ላይ አቁሚ።»

ይታይሽ ወደ ቤቷ ስትመለስ አልቀለላትም። አባን ትንሽ ተቀየመቻቸው። ሰኞም ማክሰኞም ምክንያት ፈለገች፤ ላሚቱ ልትወልድ ነው፤ እርሻው ደርሷል፤ የሰኔ ጾም ገብቷል፤ ጉልበቷ ያማታል። ምክንያቶቹ ሁሉ እውነት ነበሩ። ሦስት ዕጣ መጣሏን ግን ለደምሌ ነግራው ነበርና፣ ረቡዕ ጠዋት እሱ ራሱ ጠየቃት።

«ሦስተኛው ምንድን ነው አልሽ?»

«እኔ ልሂድ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ሂጂ።» ቃሉን ጠብቆ ነበር።

«ማን ያበስልልሃል?»

«ቆሎ እበላለሁ።»

«እስከ መስቀል?»

«ጥርስ አለኝ።»

ወሬው በመንደሩ ለመዳረስ ቀን አልፈጀበትም። ጎረቤቷ የገብሬ ሚስት ውኃ መውረጃው ላይ አገኘቻትና፣ «ይታይሽ፣ በስተርጅና ሙሽራ ሆነሽ ልትገቢ ነው አሉ» አለቻት። ሌሎቹ ሴቶች እንስራቸውን ይዘው ሳቁ። ይታይሽ፣ «አጃቢ ጎድሎኛል፤ ነይ» አለችና ውኃዋን ተሸክማ ሄደች። ሳቃቸው የፈራችውን ያህል አላመማትም። ይህንንም ልብ አላለችውም፤ የምታስበው ስለ ወንዙ ነበር።

በተባለው ማክሰኞ ከታሂር አህዮች ኋላ በእግሯ ወጣች። ደምሌ እስከ ቁልቁለቱ አፋፍ ሸኛትና እርሻው ስለሚጠብቀው ከዚያ ተመለሰ። ቁልቁለቱ እንደፈራችው ነበር። አንድ ስፍራ ላይ መንገዱ እንደ ጠበበ ቆመች።

«ታሂር፣ ይቺ አህያ አትወድቅም?»

«እሷም ነፍሷን ትወዳለች፣ እቴ።»

«ብትወድቅስ?»

«ጨዉ ይጎዳኛል። አንቺ አህያዋ ላይ አይደለሽ።»

በማግስቱ ወንዙ ጋ ደረሱ። ውኃው እስከ ጉልበት ነበር፤ ላይ ከደጋው የዘነበው ገና አልወረደም። ታሂር እጇን ይዞ አሻገራት። ማዶ ሲቆሙ ወደ ኋላው አየና፣ «እኔም ወገዳ ውዬ ሳላድር ነው የምመለስ፤ ሳምንት አይቆይም ይህ» አላት። ይታይሽ ወንዙን ከተሻገረች አንድ ነገር ይሰማኛል ብላ ነበር፤ ዕረፍት፣ ወይም ልክ ነሽ የሚል ድምፅ። የተሰማት የረጠበ ቀሚሷ ብርድ ብቻ ነበር። ጠርዙን ዳበሰች። ባቄላዋ ረጥባ እዚያው አለች።

ሦስተኛው ቀን ላይ የይርጋ ግቢ ስትደርስ ጌጤን ደጃፉ ላይ ቆማ አገኘቻት። ጌጤ የአዲስ መጤዋን ፊት ለይታ ሲገባት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ደህና መጡ? ምነው፣ ሞት አለ?»

«ሞትስ የለም። ልጄን ልያት ብዬ ነው።»

«ብቻዎን?»

«ከነጋዴ ጋር።»

ጌጤ፣ «በእኔ አላመኑም ማለት ነው» አለች። ይህን ብላ ግን ውኃ አስመጥታ በእነዚያ ትልልቅ እጆቿ የይታይሽን እግር አጠበች። የቀበሌውን ሴቶች ሁሉ የምታዋልደው ጌጤ እንደሆነች ይታይሽ የሰማችው በዚያ ምሽት ነው። ቢሆንም አልተጽናናችም፤ ስንቶቹ ሞተውባት ይሆን ብላ አሰበች።

ሐረገ ወይንም ደስታዋ ከኀፍረት ጋር ነበር። «እማ፣ በቅሎዋን እጠብቅ ነበር እኮ» አለቻት በሹክሹክታ። በዚያ ቤት የምትናገረው ሁሉ በሹክሹክታ ነው። ልማዱ ነውና በአማቷ ፊት ድምጿን ከፍ አታደርግም፤ እህል እንኳ ፊቷን አዙራ ትቀምሳለች። ጌጤ ክፉ አማት አልነበረችም። ሆኖም አማት ነበረች።

ታሂር ከወገዳ በተመለሰ በሳምንቱ ወንዙ ሞላ። ከዚያ በኋላ መመለስ የለም። ሁለቱ እናቶች በአንድ ጣራ ሥር ክረምቱን ያዙ። ይታይሽ የልጇን እርምጃ ሁሉ ትከተላለች። ጎንበስ አትበይ፤ ያን አትሸከሚ፤ ዛሬ ፊትሽ ለምን ገረጣ? ሐረገ ወይን ዝም ትላለች። ጌጤ ግን አንድ ቀን ስንዴ እየለቀመች፣ «አማት አንዲት ትበቃለች ይላሉ፤ እኛ ቤት ሁለት ሆንን» አለች። ይርጋ ወደ ውጭ ወጥቶ ነው የሳቀው።

ሐምሌ ገባ። ይታይሽ ቀኑን በልቧ ወስናው ነበር። ዕጣውን የመለሱት ሥላሴ ከሆኑ፣ መውለጃዋም በሥላሴ ቀን፣ ሐምሌ ሰባት ይሆናል አለች። ሥላሴ መጥቶ አለፈ። ሐረገ ወይን በዚያ ቀን ደህና በልታ ደህና ተኛች። ምጡ የያዛት ከዚያ በኋላ በስድስተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ ዝናብ እየዘነበ ነው።

ጌጤ የጎረቤት ሴቶችን አስጠራች። ይርጋና ሌሎቹ ወንዶች ወደ ጎረቤት ወጡ። ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ተቀመጡ። ረፋድ ሆነ። ቀትር ሆነ። ሐረገ ወይን ከንፈሯን ነክሳ ያዘች፤ ምጡ ሲመጣ ዓይኗን ጨፍና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ትከታለች፤ ሲሄድ ግድግዳውን ታያለች። አንድ ጊዜም አልጮኸችም። ልጁም አልገፋ አለ።

ይታይሽ ግን ለሁለት ታወራለች። «ላቧ ቀዝቃዛ ነው። ከንፈሯን እዪው፣ ነጣ። እህቴንም እንዲሁ ነው የጀመራት። ቀትር ላይ ዝም አለች፣ ከዚያ…»

«ይታይሽ» አለች ጌጤ። እስከዚያ ቀን እርስዎ ነበር የምትላት። «ውጪ።»

«ልጄ እኮ ናት።»

«ልጅሽ ስለሆነች ነው። ፍርሃትሽን ይዘሽ ውጪልኝ።»

ይታይሽ ወጣች። ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ ውኃው በፊቷ እንደ መጋረጃ ሲወርድ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ሁለት አገር ወርዳ ወጥታ የመጣችው ደጅ ለመቀመጥ ሆነ። በስምንት ዓመቷም የነበረችው ደጅ ነው። ከውስጥ «ማርያም፣ ማርያም» ይሰማል፤ የልጇ ድምፅ ግን የለም።

እጇ ሳታዘው ወደ መሬት ወረደ። አንድ ስንጥር አነሣች። አንድ ጠጠር አነሣች። ከቀሚሷ ጠርዝ ባቄላዋን ፈታች። ሦስቱን መዳፏ ላይ አድርጋ ቆየች። ምን ልትጠይቅ እንደሆነ አሰበች። ትድናለች፣ አትድንም? ይህን ለማን ሰጥታ ታስነሣዋለች? ክፉው ቢወጣ ምን ልታደርግ ነው? ሂጂ ተባለች፤ መጣች። ከዚያ ወዲያ የተባለችው ነገር አልነበረም። የምትጠይቀው አጣች። ስንጥሩና ጠጠሩ ከእጇ ወደ ጎርፉ ወደቁ።

«ፈቃድህ ይሁን» አለች።

እንደ ልማዷ «ግን» አፏ ላይ መጣ። አፏን ዘጋችው። ዝናቡ ይዘንባል። ፍርሃቱ አልሄደም፤ እንደ አሮጌ ውሻ አጠገቧ ተጋደመ እንጂ አልጮኸም። እንዲህ ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጠች አላወቀችም።

በሩ ተከፈተና ጌጤ እጇን እያደረቀች ብቅ አለች።

«ልጅቷ አንቺን ትላለች» አለች። «እኔ ፊቷ ስለሆንኩ ታፍራለች። ታፍናዋለች። እንዲህ እያፈነች አትወልድም። ሌላ ሴት ከኋላዋ ትያዝሽ ብላት እንቢ አለች። እማ ትያዘኝ አለች።» ከዚያ በክፈፉ ሥር ያለውን መሬት በአገጯ አመለከተች። «አፍሽን እዚህ ትተሽ ግቢ።»

ይታይሽ ገባች። ከልጇ ኋላ ተቀመጠች፤ ሁለቱን ክንዶቿን ከብብቷ ሥር አስገብታ ያዘቻት። ሐረገ ወይን ራሷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣለች፤ ከነክብደቷ ሁሉ ተለቀቀች። ይታይሽ የልጇ ላብ ቀዝቃዛ እንደሆነ አየች፤ ዝም አለች። ምጡ መጣ። ሐረገ ወይን ነጠላውን ከአፏ አወጣችና፣ «እማ» ብላ ጮኸች። በዚያ ቤት ውስጥ ድምጿ ከፍ ብሎ የተሰማ የመጀመሪያው ቀን ነው። ጌጤ፣ «ጎሽ፣ እንዲያ» አለች።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ። ዝናቡ ሳያባራ ሕፃኑ በጌጤ ትልልቅ እጆች ላይ ወጣ፤ ሴት ነበረች። ሴቶቹ ሦስት ጊዜ እልል አሉ። ይርጋ እልልታውን ከጎረቤት ቤት ቆጥሮ ሴት መሆኗን አወቀ። ጌጤ እትብቱን ቆርጣ፣ ሕፃኗን ጠቅልላ፣ ለይታይሽ አቀበለቻትና ወደ አራሷ ተመለሰች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት። ሐረገ ወይን በአማቷ ፊት የጮኸችውን አስባ ፊቷን ሸፈነች። ጌጤ ነጠላውን ገለጠችውና፣ «አሁንማ ሰምቼሻለሁ፤ ምን ትሸሸጊያለሽ» አለቻት።

በሳምንቱ ሁለቱ እናቶች ገንፎ ሊያገነፉ ምድጃው ዳር ተቀምጠዋል። አንቺና አንቺ ሆነዋል። ታች ቆላው ላይ ወንዙ እንደ ሞላ ነው፤ ማዶ ላለው ሰው ወሬ የሚደርሰው ከመስቀል በኋላ ነው። ይታይሽ ማማሰያውን ይዛ ትንሽ ቆየች። ዓይኗ ወደ በሩ፣ ወደ ጋይንት በኩል ሄደ። ጌጤ ይህን አመሏን ለይታዋለች።

«አሁን ደግሞ ምን ታየሽ?»

«ደምሌ።»

«ምን ሆኖ?»

ይታይሽ መልሱን እንደሚፈልግ ሰው ግንባሯን ቋጠረች። ቆይታ ፈታችው።

«ቆሎ እየበላ» አለች፤ ገንፎውንም ማማሰል ቀጠለች።